የእናትን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ማድረግ፦ ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ ጥራዙ

የወላጁን ታሪክ በመጽሐፍ ለማስቀረት የሚነሣ ሰው ብዙ ነው፤ ከዳር የሚያደርሰው ግን ጥቂት ነው። የሚቆምበትም ቦታ ባብዛኛው አንድ ነው፦ ስልኩ ውስጥ አምስት ስድስት የተቀዳ ድምፅ ተቀምጧል፣ ከዚያ ውስጥ የተገለበጠው የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው፣ ዓመተ ምሕረቱ እርስ በርሱ አይገጥምም፣ ፎቶውም በየዘመዱ ቤት ተበትኗል። ይህ የሚሆነው ከስንፍና የተነሣ ሳይሆን ሥራው ከመሐሉ ስለሚጀመር ነው። ሰው ዘመኑንና ዘመዱን ሳያጣራ መቅዳት ይጀምራል፤ በኋላም የሚጣራው ከሚጻፈው ይበዛበታል።

ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል ሳያዛንፉ ይከተሉ። ባለታሪኳን እናት አድርጌ እጽፋለሁ፤ ለአባት፣ ለአያት ወይም ለአክስት ቢሆንም አሠራሩ አይለወጥም። በሳምንት አንድ ቀን ለሚሠራ ሰው 100 ገጽ ያህል የሚሆን መጽሐፍ ከስድስት እስከ ስምንት ወር ይወስዳል። ለአንድ የታወቀ ቀን ማድረስ ከፈለጉ ከዚያ ቀን ወደ ኋላ ይቁጠሩና የመጨረሻዎቹን ስድስት ሳምንታት ለማተሚያ ቤት ብቻ ይተዉ።

ደረጃ 1፦ ፈቃድና ወሰን

«መጽሐፍ ልጽፍልሽ ነው» ብለው አይጀምሩ፤ ይህ አነጋገር ባለታሪኳን ያስፈራታል፤ መልሷም «እኔ ምን ታሪክ አለኝ» ይሆናል። ይልቅስ ለልጅ ልጆቿ የሚቀር ነገር ማዘጋጀት እንደሚፈልጉ ይንገሯትና በሦስት ጉዳዮች ላይ ይስማሙ፦ ማን እንደሚያነበው፣ ምን እንደማይጻፍ፣ ከመታተሙ በፊት እርሷ ሰምታ እንደምታጸድቀው። የተስማሙበትን በወረቀት ያስፍሩ።

ወንድሞችዎንና እኅቶችዎን አስቀድመው ያሳውቁ። ስለ ውርስ፣ ስለ መሬት ወይም ስለ ቀድሞ ጋብቻ ያልተቋጨ ክርክር በቤቱ ካለ ያንን ክፍል ከመጽሐፉ ውጭ ያድርጉት። በኅትመት የወጣ ቃል በቤተሰብ ክርክር ውስጥ ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል፤ ያን ጊዜ የምትጎዳው ባለታሪኳ ናት።

ደረጃ 2፦ የዘመን ሰንጠረዥ

አንድም ደቂቃ ከመቅዳትዎ በፊት ይህን ይሥሩ። አንድ ሰፊ ወረቀት በአራት ዓምድ ይክፈሉ፤ ዓመተ ምሕረት፣ የእርሷ ዕድሜ፣ በቤተሰቡ የሆነው፣ በአገር የሆነው። አራተኛውን ዓምድ እርስዎ አስቀድመው ይሙሉት፤ መቁጠሪያ ድንጋይ የሚሆንዎ እርሱ ነውና። ለአረጋውያን ባብዛኛው የሚጠቅሙት እነዚህ ናቸው፦

– የጣልያን ወረራ፣ ከ1928 እስከ 1933
– የታኅሣሥ ግርግር፣ 1953
– የወሎ ረኀብ፣ 1965 እና 1966
– የንጉሡ ከሥልጣን መውረድ፣ መስከረም 2 ቀን 1967
– የእድገት በኅብረት ዘመቻና የገጠር መሬት አዋጅ፣ 1967
– የሶማሊያ ጦርነት፣ 1969 እና 1970
– የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጀመር፣ 1971
– የሰባ ሰባቱ ድርቅ
– ግንቦት 20 ቀን 1983

ከዚያ በኋላ «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብለው አይጠይቁ። ብዙ እናቶች ዘመንን የሚይዙት በልጆቻቸው ነውና «ያን ጊዜ ማንን አዝለሽ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። የዚያ ልጅ ልደት ከታወቀ የነገሩ ዘመን አብሮ ይታወቃል። አባቶች ደግሞ በሥራ፣ በዘመቻና በደመወዝ ይቆጥራሉ።

የልደቷ ቀን ካልታወቀ በክርስትናዋ በኩል ይሂዱ። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስለምትነሣ፣ «ክርስትናዋ የዋለው ለሚካኤል ነበር» የሚል አንድ ዘመድ ከተገኘና ወሩ ከታወቀ 80 ቀን ወደ ኋላ ቆጥሮ ልደቱን መገመት ይቻላል። በሙስሊም ቤተሰብ «በረመዳን»፣ «በአረፋ ማግስት» የሚለው ምልክት እንደዚሁ ይጠቅማል፤ ነገር ግን በዓሉ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም መጀመሪያ ዓመቱን ማወቅ ግድ ነው። በስደት ወረቀት ላይ «ጃንዋሪ 1» ተብሎ የተሞላን ልደት እንደ እውነተኛ ቀን አይውሰዱት።

ውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆች የአውሮፓውያኑን ዘመን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ከፈለጉ ጥንቃቄ ያድርጉ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ባለው ጊዜ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ይደመራል። ስለዚህ ጥቅምት 1967 ወደ 1974፣ ሚያዝያ 1967 ግን ወደ 1975 ይሄዳል። ሁሉንም ጊዜ በ8 የሚደምር ሰው የአንድ ዓመት ስሕተት በመጽሐፉ ሁሉ ይዘራል።

ሁለት ዘመዶች ሁለት የተለያየ ዓመት ከነገሩዎ አይከራከሩ። ሁለቱንም በእርሳስ ይጻፉና ከየትኛው ልጅ ልደት ጋር እንደሚገጥም ይመርምሩ። ካልተፈታ በመጽሐፉ ውስጥ «በ1958 ወይም በ1959» ብሎ ማስፈር ነውር የለውም፤ አንዱን መርጦ እርግጠኛ መምሰል ግን ስሕተት ነው።

የቦታ ስም እርሷ በምትጠራው ይጻፍ። ናዝሬት ካለች ናዝሬት፣ ደብረ ዘይት ካለች ደብረ ዘይት ይሁንና አዳማና ቢሾፍቱ መሆናቸውን በመጨረሻው ገጽ በሚገኝ የስም ዝርዝር ያመልክቱ። አውራጃና ጠቅላይ ግዛትም እንዲሁ።

ደረጃ 3፦ የመቅጃ ዝግጅት

1. ስልኩን ወደ በረራ ሁነታ ይለውጡ። እናቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ስቀዳ በመሐሉ ስልክ ተደወለና ቅጂው በዚያው ተቋረጠ፤ እኔም ሳላየው 40 ደቂቃ ያህል ተናገረች። ያንኑ ታሪክ በሌላ ቀን ደግማ ነገረችኝ፤ እንደ መጀመሪያው ግን አልሆነም።
2. በሁለት ስልክ ይቅዱ። አንዱን ከእርሷ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ በታጠፈ ነጠላ ወይም ፎጣ ላይ ያስቀምጡት፤ በባዶ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ የስኒውን መንኳኳት ሁሉ ይይዛል።
3. አንድ ደቂቃ ቀድተው በጆሮ ማዳመጫ ይስሙ። ማቀዝቀዣው፣ ሬዲዮው፣ የጎረቤት ወፍጮ ሲሰማዎ ቦታ ይቀይሩ።
4. በክረምት ቆርቆሮ ጣራ ሥር አይቅዱ። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ድምፅዋን ፈጽሞ ይሸፍነዋል፤ በኋላም ማጥራቱ አስቸጋሪ ነው። ማለዳ ወይም ዝናቡ ሲያባራ ይጠብቁ።
5. ቡና ካለ ቡናው ተወቅጦ አቦሉ ከተቀዳ በኋላ ይጀምሩ። ቡና ላይ ወሬው ይጣፍጣልና ዕድሉን አይለፉት፤ ጀበናውንና ከሰሉን ግን ከስልኩ ያርቁ።

እርስዎ ዋሽንግተን፣ እናትዎ ደሴ ከሆኑ የስልክ ጥሪውን ራሱን አይቅዱ። መስመሩ ሲቆራረጥ የሚጠፋው ቃል አይመለስም። በዚያ ያለ አንድ የእኅት ወይም የወንድም ልጅ ሌላ ስልክ በአጠገቧ አድርጎ ይቅዳ፤ እርስዎ በጥሪው ይጠይቁ፤ ቅጂውን በኋላ በቴሌግራም ይላክልዎ። የሰዓቱ ልዩነት እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ስለሆነ ለእርሷ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ለእርስዎ ጠዋት ነው። የደከማትን ሰው በማታ አያነጋግሩ።

ደረጃ 4፦ አጠያየቅ

መጽሐፉ የሚበላሸውም የሚሠምረውም እዚህ ነው። «ስለ ልጅነትሽ ንገሪኝ» የሚል ጥያቄ «ጥሩ ነበር» የሚል መልስ ያመጣል። ጥያቄው በእጅ የሚዳሰስ ነገር ይኑረው። አንድ ዕቃ ይዘው ይግቡ፤ የአባቷን ጋቢ፣ የድሮ መሶብ፣ አንድ ፎቶ። ከዚያ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን ይጠይቁ፦

– ያደግሽበት ቤት በሩ ወዴት ነበር የሚከፈተው? ማን የት ይተኛ ነበር?
– ውኃ ከየት ነበር የሚቀዳው? ከማን ጋር ትሄጂ ነበር?
– የመጀመሪያውን ጫማ ያደረግሽው መቼ ነው? ማን ገዛልሽ?
– ለሠርግሽ የመጣው ጥሎሽ ምን ምን ነበር? ሚዜዎቹስ እነማን ነበሩ?
– በመጀመሪያው ደመወዝ ወይም በመጀመሪያው ሽያጭ ምን ገዛሽበት?
– ከቤት የወጣሽ ቀን ማን ሸኘሽ? ምን አስያዙሽ?

እንደ ለመዱት ይጥሯት። «አንቺ» የሚሏትን እናት ለመቅጃው ብለው «እርስዎ» ቢሏት ንግግሯ ወዲያው እንደ ቢሮ ማመልከቻ ይሆናል። ጠይቀው ሲያበቁ ዝም ይበሉ። ሰው አንድ ነገር ተናግሮ ትንሽ ዝም ሲል ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር ገና መምጣቱ ነው፤ በሚቀጥለው ጥያቄ ከቆረጧት ያ ነገር ይቀራል። «እሺ፣ ከዚያስ?» ከሚለው የበለጠ ጥያቄ አያስፈልግዎትም።

አንዱን ክፍለ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ከሩብ አያስበልጡ። ለ100 ገጽ መጽሐፍ ከስምንት እስከ አሥር እንዲህ ያሉ ክፍለ ጊዜዎች ይበቃሉ።

ችግር ሲገጥም

አንዱን ታሪክ ደጋግማ ከነገረችዎ አያቋርጧት። በእያንዳንዱ ድግግሞሽ አዲስ ሰው ወይም አዲስ ቃል ይገባልና ሁሉንም ይቅዱ፤ ሲጽፉ ያዋሕዷቸዋል።

ካለቀሰች መቅጃውን አጥፍተው አጠገቧ ይቀመጡ። ቀጥይ አይበሏት። በሌላ ቀን «ያንን ልተወው ወይስ ይጻፍ?» ብለው ይጠይቁና ቃሏን ያክብሩ።

አጠገቧ የተቀመጠ ዘመድ እየቀደመ የሚመልስ ከሆነ «የእርስዎን ለብቻ እቀዳለሁ» ብለው ቀን ይስጡት፤ ይህን ሲሉም ከልብዎ ይሁን፣ ቀኑም ሲደርስ ይቅዱት። የጎረቤትና የእኅት ምስክርነት ለመጽሐፉ ጥሩ ተጨማሪ ምዕራፍ ይሆናል።

የመርሳት ሕመም ካለባት ትዝታዋን አይፈትኑ። «ይህ ማነው? አታስታውሺም?» የሚለው ያሳፍራታል። በፎቶው ላይ ያለውን ስም እርስዎ ይንገሯትና የሚመጣውን ይቀበሉ፤ የድሮ ዘፈን፣ መዝሙር ወይም መንዙማ ማሰማት ከጥያቄ የበለጠ ሊከፍትላት ይችላል። ጠዋት ጠዋት፣ 20 ደቂቃ ብቻ።

ደረጃ 5፦ መገልበጥ

በቀዱበት ሳምንት ውስጥ ይገልብጡ። የአንድ ሰዓት ቅጂ ለጀማሪ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይፈልጋል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ነው አሥር ሰዓት ቅጂ ሰብስቦ ተስፋ የሚቆርጠው። ፋይሉን ወዲያው «01 ልጅነት»፣ «02 ጋብቻ» እያሉ ይሰይሙና ሌላ ቦታ ቅጂ ያስቀምጡ። በአንዳንድ ስልኮች ያለው በድምፅ የመጻፊያ አገልግሎት አማርኛም ስለሚቀበል፣ እየሰሙ በራስዎ ድምፅ ጥርት አድርገው ቢያነቡለት ጊዜ ይቆጥብልዎታል፤ የሰውና የቦታ ስም ግን ስለሚያበላሽ ከቅጂው ጋር ማመሳከር ግዴታ ነው። ያልተሰማዎትን ቃል በግምት አይሙሉ፤ የጥያቄ ምልክትና ደቂቃውን ጽፈው ይለፉ።

ከመጀመሪያው ገጽ በፊት የፊደል ውሳኔ ያድርጉ። ጸሐይ ወይስ ፀሐይ፣ ዓለም ወይስ አለም፣ ኃይሉ ወይስ ሀይሉ? አንዱን መርጠው በአንድ ገጽ ዝርዝር ይያዙ። የአጎትዎ ስም በሦስት ዓይነት ሀ ከተጻፈ በኋላ በፍለጋ ለማስተካከል ሲሞክሩ ኮምፒውተሩ እንደ ሦስት ሰው ይቆጥረዋል። ሰዎች ስማቸውን ራሳቸው የሚጽፉበት መንገድ ካለ ግን ከደንብዎ በላይ እርሱ ይጽና።

በዩኒኮድ ይጻፉ፤ ይህም ፊደሉ በየትኛውም ኮምፒውተር እንዲነበብ የሚያደርግ የጋራ የፊደል አመዘጋገብ ነው። በድሮ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፈ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። «ኒያላ»፣ «አቢሲኒካ ሲል» ወይም «ኖቶ ኢትዮፒክ» የተባሉት የፊደል ቅርጾች ሁሉ ዩኒኮድ ናቸው።

ደረጃ 6፦ ንግግሩን ወደ ጽሑፍ ማምጣት

ዓላማው የእርሷን ድምፅ ሳያጠፉ የሚነበብ ማድረግ ነው። እንዲህ ያለ ቅጂ አለዎት እንበል፦

«እና ያው… ምን አለ መሰለሽ፣ አባቴ በቅሎዋን፣ ያቺን ቡላዋን በቅሎ፣ ጫናት። ጫናትና ያው ሄድን። ሦስት ቀን ነው የሄድነው፣ ሦስት ቀን። ያኔ መኪና የት ይገኛል! ማታ ማታ ሰው ቤት እናድራለን፤ የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን ስንል ማን ይከለክላል።»

ለመጽሐፉ ሲስተካከል፦

«አባቴ ያቺን ቡላዋን በቅሎ ጫናትና ሄድን። ሦስት ቀን ነው የሄድነው። ያኔ መኪና የት ይገኛል! ማታ ማታ ሰው ቤት እናድራለን፤ የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን ስንል ማን ይከለክላል።»

እንዲህ ግን አያድርጉት፦

«በዚያን ዘመን የመጓጓዣ አገልግሎት ባለመስፋፋቱ ከአባቴ ጋር የሦስት ቀናት አድካሚ ጉዞ ለማድረግ ተገደድን፤ ሌሊቱንም በእንግዳ ተቀባይ ወገኖቻችን ቤት እናሳልፍ ነበር።»

በሦስተኛው ውስጥ በቅሎዋ ከነመልኳ ጠፍታለች፤ እናቲቱ ያላለችው «አድካሚ» የሚል ፍርድም ገብቷል። ልጆቿ ይህን ሲያነቡ ድምፅዋን አይሰሙትም። የሚወጣው «ያው»፣ «እንትን» እና ከንቱ ድግግሞሽ ብቻ ነው። ተረቷ፣ መሐላዋ፣ የአገሯ አነጋገር ይቆይ፤ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በጉራጊኛ የጣለችውን ቃል እንዳለ በፊደል ይጻፉና ፍቺውን ከግርጌ ያኑሩ። እርስዎ የሚጨምሩት ማብራሪያ በሌላ ዓይነት ፊደል ወይም በግርጌ ይለይ፤ የእርሷ ቃል ከእርስዎ ቃል ጋር አይቀላቀል።

ምዕራፎቹን በዘመን ሰንጠረዡ መሠረት ይደርድሩ። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ምዕራፍ ይበቃል፤ ከእርሷ አፍ የወጣ አንድ አጭር ሐረግ ለእያንዳንዱ ርእስ ይሁን።

ደረጃ 7፦ ፎቶና ሰነድ

በሚጣበቅ አልበም ላይ የደረቀ ፎቶ በኃይል አይላጩ፤ ከነገጹ ያንሱት። ሊወጣ የሚችል ከመሰለዎ ቀጭን የጥርስ ክር ከሥሩ በዝግታ ያሳልፉ። ስካነር ካለ ለትናንሽ ፎቶዎች 600 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ) ይጠቀሙ። ከሌለ ደግሞ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ከመስታወቱ አውጥተው፣ ስልኩን ከፎቶው ትይዩ አድርገው ያንሱ። ጀርባውንም ያንሱ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ብዙ ጊዜ ከተማውን፣ አንዳንዴም ቀኑን ይነግርዎታል። በጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አይጻፉ፤ ለስላሳ እርሳስ ይበቃል።

ዘመዶች በቴሌግራም ሲልኩልዎ «እንደ ፋይል» እንዲልኩ ይንገሯቸው። እንደ ፎቶ ከተላከ ምስሉ ይጨመቃል፤ በስልክ ጥሩ የመሰለው በኅትመት ይደበዝዛል።

የቡድን ፎቶ ሲኖር በፎቶው ቅጂ ላይ ሰዎቹን በቁጥር ምልክት ያድርጉና መቅጃው ተከፍቶ ከግራ ወደ ቀኝ ታስጠራ። የክርስትና ካርድ፣ የሚኒስትሪ ሰርተፊኬት፣ የጋብቻ ውል፣ የእድር ደብተር ካለ ያካትቱ፤ የእድር ደብተር ቤተሰቡ ወደ ሰፈሩ የገባበትን ጊዜ ለማጣራት ይረዳል። የመታወቂያ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብና የቤት ካርታ ግን አይታተም።

ደረጃ 8፦ አንብቦ ማስጸደቅ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው በኋላ ይጸጸታል። ማንበብ ብትችልም እንኳ ሙሉውን መጽሐፍ ጮክ ብለው ያንብቡላት፤ በቀን አንድ ምዕራፍ። ሲያነቡላት ይቅዱ፤ «አይ፣ እርሱ እንኳ አልነበረም» የሚለው እርማትና አዲስ ታሪክ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ይውጣ ያለችው ይወጣል። በሕይወት ያሉ ሌሎች ሰዎች በክፉ የተነሡበትን ቦታ ለብቻው ዘርዝረው አንድ በአንድ ይጠይቋት፤ ባብዛኛው ስሙን ማውጣት ይበቃል።

ደረጃ 9፦ ገጽ ቅንብርና ኅትመት

ለመታሰቢያ መጽሐፍ ኤ-5 መጠን ይስማማል፤ 14.8 በ21 ሳንቲ ሜትር ነው። አረጋውያን እንዲያነቡት የፊደሉን መጠን 13 ወይም 14፣ የመስመሩን ርቀት 1.4 ያህል ያድርጉ። በጥራዙ በኩል ያለው ኅዳግ ከ2 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ከዚያ በሰነዱ ውስጥ በሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ የተጻፈውን አራት ነጥብ ሁሉ በፍለጋ አግኝተው በትክክለኛው «።» ይተኩት፤ ካልተተካ ግማሹ በመስመር መጨረሻ፣ ግማሹ በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ይወድቃል።

ለማተሚያ ቤት የሚሰጠው የፊደሉ ቅርጽ የተካተተበት ፒዲኤፍ ብቻ ነው። የኛ መጽሐፍ የመጀመሪያ ናሙና ሲመጣ ቋ፣ ጓ እና ኳ በባዶ ሳጥን ተተክተው አገኘናቸው፤ የአያቴ መንደር ስም በየገጹ ሳጥን ሆኖ ነበር። ስለዚህ ከሙሉው ኅትመት በፊት አንድ ቅጂ ናሙና ይጠይቁና በእጅዎ ይዘው እነዚህን ይመርምሩ፦ ዲቃላ ፊደላቱን፣ የገጽ ቁጥሩን ከማውጫው ጋር፣ የፎቶዎቹን ጥቁረት፣ መጽሐፉ ሲከፈት ወደ ጥራዙ የሚገባ ቃል መኖሩን።

የገጹ ብዛት ለ4 የሚካፈል ይሁን። ከ60 ገጽ በታች በብረት ሽቦ መታሰር ይችላል፤ ከዚያ በላይ በሙጫ ይጠረዛል፤ ብዙ እጅ የሚነካው ከሆነ በክር እንዲሰፋ ይክፈሉ። ውስጡ 80 ግራም ወረቀት፣ ሽፋኑ ከ250 እስከ 300 ግራም ይበቃዋል። ጥቂት ቅጂ ለሚያሳትም ዲጂታል ኅትመት ይቀላል። ቃል ከገቡላቸው ሰዎች ቁጥር ላይ አሥር ይጨምሩ፤ ከተከፋፈለ በኋላ የሚጠይቅ ዘመድ ሁልጊዜ አለ።

በመጨረሻም ጽሑፉን፣ ፒዲኤፉን፣ ፎቶዎቹንና ያልተቆረጠውን ድምፅ በሦስት ቦታ ያስቀምጡ፦ በእርስዎ ኮምፒውተር፣ በውጭ ዲስክ፣ በሌላ ከተማ ወይም አገር ባለ አንድ ወንድም ወይም እኅት ዘንድ። በመጽሐፉ መጨረሻ አራት ባዶ ገጽ ይተዉ፤ በላያቸውም «የልጅ ልጆች» ብለው ይጻፉ።